«ይስተካከል» ተብሎ ከፍ ስላለው የማኅበራችን ፒክአፕ

ለክቡር አቶ አያልነህ
የደንገል ዳር ሩዝ አምራቾች ማኅበር ሊቀመንበር
ባሉበት ከፍታ ላይ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወገብዎስ? ያን መኪና በየቀኑ በበርጩማ እየተረዱ መውጣትና መውረድ ለወገብ እንደማይመች ስለማውቅ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ወገብዎን እግዚአብሔር እንዲጠብቅልዎ እመኛለሁ። እኛ ቤት ሁላችንም ደኅና ነን፤ ደኅና ያልሆነው የማኅበሩ ሾፌር፣ ባለቤቴ እንግዳው ብቻ ነው። እሱም የማኅበሩን የሩዝ መውቂያ በዚያው መኪና ሲጎትት ተገልብጦ ጭኑ ስለተሰበረ አልጋ ላይ ነው። እርስዎ በመጪው እሑድ በጠቅላላ ጉባኤው «አደጋው የደረሰው በሾፌሩ ጥንቃቄ ጉድለት ነው» የሚል ውሳኔ አጽድቀው ከሥራው ሊያሰናብቱት እንደተዘጋጁ ስለሰማሁ፣ የማኅበሩ አባልም የሾፌሩ ሚስትም እንደመሆኔ፣ ይህን ምስጋናዬን ሰው ሁሉ በሚያነብበት ማቅረብ ግድ ሆነብኝ።

፩. በመጀመሪያ የማመሰግንዎ ስለ አማርኛ ችሎታዎ ነው። የዛሬ ዓመት ገደማ መካኒኩ መሐመድዘይን ወረታ ጋራዡ ድረስ ጠርቶን፣ መኪናው ቦይ በተሻገረ ቁጥር አፍንጫው አፈር ስለሚዝቅ ፊቱ በትንሹ ተነሥቶ ከኋላው ጋር ይስተካከል፣ ጭነቱን የሚሸከመው የኋላው ባሌስትራ ክብደት ሲያርፍበት እንዳይተኛ ይጠንክር፣ ከዚያ ያለፈ ቁመት ግን ተሳቢ ለሚጎትት መኪና ጠላቱ ነው ብሎ ለሁላችንም በሚገባን ቋንቋ አስረዳን። እኛም «ይስተካከል» ብለን እጅ አወጣን። እርስዎ ግን «ይስተካከል» ሲባል የሰሙት ከጎረቤት ማኅበር ሊቀመንበር መኪና ጋር ነው። ሰውየው ግመል በሚያህል መኪና ወረታ ገበያ ሲገባ ካዩ ወዲህ ምግብም አልበላልዎ ብሎ ነበርና፣ መሐመድዘይንን ትተው ሌላ ጋራዥ ወሰዱት፤ የእኛም መኪና የእሱ እኩያ ትሁን ብለው ፊቱንም ኋላውንም አስነሥተው መጡ። አባቴ የቅኔ መምህር ናቸው፤ አንድ ቃል ለሁለት የሚፈታ ተማሪ ሲያገኙ ደስታቸው ወሰን የለውም። የእርስዎን አፈታት ስነግራቸው ግን፣ ይኼስ ቅኔ ሳይሆን ቅናት ነው አሉኝ።

፪. ከጎርፍ ሊያድኑን ስላሰቡም አመሰግናለሁ። ለምን ከፍ አለ ብለን ስንጠይቅዎ፣ ክረምት ውኃ እንዳይደፍረው ነው ብለውን ነበር። ወይ ጉድ! ክረምት ፎገራ ባሕር ሲሆን ሰው በታንኳ እንጂ በፒክአፕ ሲሻገር ማን አይቶ ያውቃል? ሩዝ የሚወቃው ውኃው ሸሽቶ፣ መሬቱ ደርቆ ከተሰነጣጠቀ በኋላ እንደሆነ ላስተምርዎ አልደፍርም፤ እርስዎም የሩዝ ገበሬ ልጅ ነዎት፤ ማለቴ፣ ነበሩ። መኪናው ከፍ ካለ ወዲህ እኛ ሴቶች በትከሻችን ልክ እንጭነው የነበረውን ማዳበሪያ ከራሳችን በላይ ማንሣት ተምረናል፤ አንገታችን ስለጠነከረልን እግዜር ይስጥልን።

፫. መውቂያው የተጫነበት ተሳቢ ግን እንደ እርስዎ ከፍ አላለም። አንዱ በሬ ረጅም፣ አንዱ አጭር ሲሆን ቀንበሩ እንደሚያጋድል ማንም ያረሰ ሰው ያውቃል። የመኪናው ኋላ ሽቅብ ሲወጣ የተሳቢው አፍንጫ አብሮት ቀና፤ የመውቂያው ክብደት ወደ ኋላ ሸሸ፤ ከዚያ ወዲህ በጎተተ ቁጥር ተሳቢው ግራ ቀኝ ይዋልል ጀመር። እንግዳው ይህን ቢሮዎ ድረስ መጥቶ ነገረዎት። እርስዎም ፈሪ አሉት። ምሳውን ይዤለት መጥቼ በር ላይ ቆሜ ነበርና በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ፈሪ የተባለ የእኛ አገር ወንድ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ እርስዎ አይጠፋዎትም፤ በማግሥቱ ጎተተ። ወደ ማሳው በሚወርደው ተዳፋት ላይ ተሳቢው መኪናውን ጠምዝዞ ጣለው። ክቡር ሆይ፣ ባሌን ከብረቱ ሥር ሲያወጡት የጮኸውን ጩኸት የሰማሁት እኔ ነኝ። እርስዎ በዚያ ቀን ጣራ ገዳም ለንግሥ ወጥተው ነበር። ያን ጩኸት አልረሳውም፤ ይቅርም አልልዎትም።

፬. ስለ ሕክምና ምክርዎ ከልብ አመሰግናለሁ። ወንዛዬ ፍል ውኃ ሄዶ ይታጠብ ብለው መላክዎን ሰምተናል። ውኃው ለቁርጥማት ደግ ነው ይባላል፤ የተሰበረ ጭን ይገጥማል ሲባል ግን ከእርስዎ መስማታችን ነው። ደግሞስ በምን ይሂድ? በፒክአፑ?

ይህን ሁሉ ውለታ ከዋሉልን በኋላ ደግሞ ጥፋቱ የሾፌሩ ነው ይሉናል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ ነው። መኪናውን ያስነሡት እርስዎ፣ «አትጎትተው» ሊባል የሚገባውን ሰው ፈሪ ያሉት እርስዎ፣ ጥንቃቄ የጎደለው አልጋ ላይ የተኛው! ኧረ እፍረት ይኑርዎት! የምጠይቅዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያን ውሳኔ ይቅደዱትና የባሌን ስም እንደነበረ ይመልሱልኝ። መኪናውን መሐመድዘይን ዝቅ ያደርገዋል፤ እርስዎን ዝቅ የሚያደርግ ጋራዥ ግን ወረታ ውስጥ እስካሁን አላገኘንም።

አንገቴን ወደ ላይ ቀና አድርጌ፣ ካላደረግሁ አይታዩኝምና፣ ከእግርዎ ሥር ሆኜ ለክብርዎ የሚገባውን ያህል፣ ከዚያም ቅንጣት ሳላስተርፍ፣ አክብሮቴን የማቀርብልዎ

ሰብለ ወንጌል ደሞዝ
የማኅበሩ አባልና የሾፌሩ ሚስት

የተረሳ ነገር፦ ፒክአፑም ተሳቢውም ተጠግነው በእንግዳው ቦታ ሙሰብን እንደቀጠሩት ሰማን። ሙሰብ ጨዋ ልጅ ነው፤ እሑድ መውቂያውን በዚያው ተዳፋት ወደ ጉባኤው ሜዳ ለመጎተት ፈቃደኛ ነው፤ ጥፋቱ የመኪናው ካልሆነ ግን ሊቀመንበሩ ተሳቢው ላይ ይቀመጡልኝ ብሏል። እኛ አባላት ምቹ ቦታ አንጥፈንልዎ፣ እንግዳውን የተሸከምንበትን ቃሬዛ ይዘን ተዳፋቱ ግርጌ እንጠብቅዎታለን። በሌላ መኪና መጥተው በሁለት እግርዎ ከወረዱ ግን፣ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ እርስዎው ራስዎ ለጉባኤው ነገሩልን ማለት ነው።