«እባክህ» ስለተጨመረበት ትእዛዝና ዘጠኝ ቀን ስለተዘጋው ድረ ገጻችን

ለተከበሩ የትምህርት ጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ወገብዎስ ተሻለዎት? እኔ የድረ ገጹ ባለሙያ፣ ከእርስዎ በአንድ ግድግዳ ተለይቼ፣ ቁልፍ ሰሌዳ ከሌለው ኮምፒውተር ፊት በሙሉ ጤንነት ተቀምጫለሁ። በርዎን እያንኳኳሁ እንዳላስቸግርዎ ብዬ ይህን ደብዳቤ በእጄ ጽፌ፣ ባለጉዳይ ሁሉ በሚያነበው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁ።

እንደሚያውቁት የአንደኛ ክፍል ምዝገባ የሚካሄደው በድረ ገጻችን ብቻ ሲሆን የሚያበቃውም ዓርብ ነው። ዛሬ ረቡዕ ነው። ድረ ገጹን የሚከፍት ወላጅ ሁሉ ግን ዘጠኝ ቀን ሙሉ «ጥገና ላይ ነን፤ ጥቂት ይታገሡን» የሚለውን ብቻ እያነበበ ነው። ከሚታገሡት አንዷ የእኔ የስድስት ዓመት ልጅ ናት።

1. ጥገናው ለኮምፒውተሩ የሚጻፍ አራት መስመር ትእዛዝ ነበር፦ ድረ ገጹን ለጎብኚ መዝጋት፣ መጠባበቂያ ቅጂ መያዝ፣ ማደስ፣ መልሶ መክፈት። ሦስቱን ጨርሼ አራተኛውን ልጽፍ ስል እርስዎ ገቡ። በኮምፒውተሬ ጥቁር መስኮት ላይ ነጭ ፊደል ሲሮጥ ቢያዩ ሌባ የገባብን መስሎዎት ሶኬቱን ነቀሉ፤ ቁልፍ ሰሌዳዬንም ወስደው መሳቢያዎ ውስጥ ቆለፉበት። ለንቃትዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሌባው እኔ ሆኜ መገኘቴ የእርስዎ ጥፋት አይደለም።

2. በማግስቱ ማንኛውም ትእዛዝ በወረቀት ቀርቦ፣ ተፈርሞና ማኅተም አርፎበት ካልሆነ እንዳይጻፍ መመሪያ አወጡ። ያቺን ሦስት ቃል ብቻ የሆነች አራተኛ መስመር በንጹሕ ወረቀት አቀረብኩ። እርስዎም በቀይ እስክሪብቶ «ሰላምታ የለውም፣ ምስጋና የለውም፤ ለመንግሥት ንብረት እንዲህ በደረቁ አይነገርም» ብለው መለሱልኝ። «ጤና ይስጥልኝ፤ እባክህ ድረ ገጹን ክፈትልን፤ ከወዲሁ እናመሰግናለን» ብዬ አስተካክዬ ሳቀርብ ግን በደስታ ፈረሙ፤ ቁልፍ ሰሌዳውንም አውጥተው ሰጡኝ። ከኋላዬ ቆመው እያንዳንዷን ፊደል ስለተከታተሉ፣ የጸደቀውን ቃል በቃል ጻፍኩ። ማሽኑም እንዲህ ያለ ትእዛዝ እንደማያውቅ ባጭሩ መለሰ። ቁልፍ ሰሌዳውም ወደ መሳቢያው ተመለሰ።

3. ማሽኑ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጠው መወሰንዎ ፍትሐዊነትዎን ያሳያል። ጸሐፊዎ ደብዳቤውን ይዛ ፈርሞ እንዲቀበላት ግማሽ ቀን አጠገቡ ቆማለች። እስካሁን አልፈረመም።

4. ጊዜው እየሄደ መሆኑን ሳመለክት «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብለው አጽናንተውኛል። እንቁላሉ እግር እስኪያበቅል ዓርብ እንዳያልፍብን ብቻ እሰጋለሁ። ባለቤቴ በበኩሏ «ራስህ ዘግተህ ራስህ ታንኳኳለህ? ልጅቷ እኮ ቦርሳዋን ታቅፋ ነው የምትተኛው» ብላኛለች። እዚህ ላይ ስደርስ ቀልዱም ይጠፋብኛል፤ አፍሬያለሁ፣ ተናድጃለሁም።

ስለዚህ ቁልፍ ሰሌዳውን ለግማሽ ደቂቃ ብቻ፣ ያለ ሰላምታና ያለ ምስጋና እንድጠቀምበት ይፈቅዱልኝ ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ።

በተቆለፈው መሳቢያዎ ፊት ዝቅ ብሎ እጅ የሚነሳው፣ ሦስት ቃል ለመጻፍ ዘጠኝ ቀን የፈጀበት ታዛዥዎ፣
የድረ ገጹ ባለሙያ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ልለጥፍ ስነሣ ባለቤትዎ ደወሉ። የመጨረሻ ልጃችሁም ለካ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገቢ ኖሯል፤ እሳቸውም ዘጠኝ ቀን ሲታገሡ ከርመዋል። ቁልፍ ሰሌዳው የት እንደተቆለፈና ማን እንደቆለፈው በአክብሮት አስረድቻቸዋለሁ። አሁን ወደ እርስዎ እየመጡ ነው፤ እሳቸው ግን በሰላምታ የሚጀምሩ አይመስለኝም።