በጠገራው ዙሪያ የተጻፈው

ሴፕቴምበር 2፣ አውግስበርግ

እንደ ወትሮው የጥንት ገንዘብ የምንሸጥበትን ሱቅ ከፍቼ የመስኮቱን መስታወት ወለወልሁ። ብሩን ግን አልነካሁም። ያረጀ ጠገራ አይወለወልም፤ ካብረቀረቀ ዋጋው ይወድቃል። ይህን ያወቅሁት በመጀመሪያው ሳምንት፣ በአሠሪያችን በሄር ዴግል ቁጣ ነው።

ረፋድ ላይ አንዲት ሴት ጠገራ አመጣች። ጳጳስ ተቀርጾበታል፤ መጽሐፍ ይዟል፤ መጽሐፉ ላይ ዓሣ ተጋድሟል። “የዓሣ አጥማጆች ማኅበር ይሆን?” አልሁ። አብሮኝ የሚሠራው ማግኑስ ጠረጴዛውን ተደግፎ ሳቀ።

“ቅዱስ ኡልሪክ ነዋ፤ የገዛ ከተማችን ጠባቂ። አይ ሃቦ፣ ከዓሣ አገር መጥተህ ዓሣው ጠፋህ?”

ሴትዮዋም ሳቀች። ሄር ዴግልም። እኔም ሳቅሁ... ምን ላድርግ?

ሴፕቴምበር 5

በእኛ አገር፣ በሰሜኑ ባሕር ዳር፣ የቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ባዶ ነው። ካልቪናዊ ፕሮቴስታንቶች ነን፤ ሥዕል የለም፣ ሐውልት የለም። ማግኑስ ግን በቅዱሳን መካከል ነው ያደገው። ሰይፍ የያዘውን፣ ቤተ ክርስቲያን በክንዱ የታቀፈውን፣ በእሳት የተጠበሰውን... ሁሉንም እንደ አጎቶቹ በስም ይጠራቸዋል። አንድ ጊዜ አይቶ የየትኛው አገር ብር እንደሆነና ምን እንደሚያወጣ ይናገራል። እኔ በአራት ዓመት ትምህርት ያገኘሁት ፊደል ብቻ ነው። በዙሪያው የተጻፈውን በጣቴ እየተከተልሁ አንድ በአንድ እለቅማለሁ። እስክጨርስ እሱ ዋጋውን ተናግሮ ደንበኛው ሄዷል።

እንቅልፍ የሚነሳኝ ይህ ነው፦ በቅዱስ ሚካኤል ቀን፣ ሴፕቴምበር 29፣ የሁለታችንም ውል ያልቃል፤ ሄር ዴግል የሚያስቀሩት አንዳችንን ብቻ ነው። ተሰናባቹ እኔ ከሆንሁስ? ወደ አገር ቤት፤ ከወንድሜ ጋር ለማገዶ የሚሆነውን የረግረግ አፈር መቆፈር።

ሴፕቴምበር 9

ማግኑስ አዲስ ሸሚዝ ለበሰ። ያምርበታል። ለምንድን ነው ሁሉ ነገር የሚያምርበት?

ሴፕቴምበር 14

የፈረስ ነጋዴው ባርትል መጣ። ከአንገቱ የቆዳ ከረጢት አውልቆ ከውስጡ ጠገራ አወጣ። ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረስ ላይ፣ ዘንዶው ከሥር። እሱንስ እኔም አውቀዋለሁ። ጀርባው ሲፋተግ ኖሮ ልሙጥ ሆኗል።

“ይህን ይዤ ከፈረስ ወድቄ አላውቅም” አለ ባርትል።

“ታዲያ ለምን ትሸጠዋለህ?” አሉ ሄር ዴግል።

“ወፈርሁ፣ ጌታዬ። አሁን የምሄደው በጋሪ ነው።”

ማግኑስ ወደ ብርሃኑ አዙሮ አየው። “የማንስፌልድ መሳፍንት ያስመቱት የጊዮርጊስ ጠገራ ነው” አለ። ፈረሰኛና ወታደር ሲሻማበት የኖረ፣ ከተራው ጠገራ ብዙ እጥፍ የሚያወጣ። ሄር ዴግል ዓይናቸው ደክሟል፤ ቃሉን አመኑ። በዋጋ ተስማሙ፤ ባርትል ነገ ገንዘቡን ሊወስድ ጠገራውን ትቶ ሄደ።

ካዝና ውስጥ ሳላስገባው እንደ ልማዴ ዙሪያውን ለቀምሁ። ጊዮርጊስ... የፈረሰኞች... ጠባቂ። ላቲን ነው፤ እነዚህን ቃላት እዚህ ሱቅ ለምጃቸዋለሁ። ሌላስ? ሌላ የለም። በእውነተኛው ጠገራ ላይ ጊዮርጊስን የሚከበው የመስፍኑ ስም ነው። ያለ ገዥ ስም ገንዘብ ይመታል? አይመታም። ይህ ጠገራ መስሎ ለክታብነት የተሠራ፣ የኋላ ዘመን ነገር ነው። ብርነቱ እውነት ነው... ዋጋው ግን ከክብደቱ እምብዛም አይዘልም።

ዝም አልሁ።

ሄር ዴግል የማግኑስን ትከሻ መታ መታ አድርገው “ይህ ልጅ ዓይን አለው” አሉ። ጠገራውን ካዝና ውስጥ ቆለፍሁበት። ሙኒክ ያለው፣ ሄር ዴግል የሚሸጡለት ደንበኛ ሲመልሰውስ ምን ይሉ ይሆን? ደስ አለኝ። ደስታ ነው ይህ?

ሴፕቴምበር 15

ረፋድ ላይ ማግኑስ ዳቦውንና ቋሊማውን ለሁለት ከፈለ።

“ሄር ዴግል ያሉትን ብነግራት እናቴ አለቀሰች።”

“በደስታ?”

“አባቴ ከሞተ ወዲህ ደስ ሲላት ያየሁት ትናንት ነው። ብላ እንጂ፣ ምን ታፈጥብኛለህ?”

ቋሊማውን መልሼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁ። እናት ያለችው እሱ ብቻ መሰለው? ቢሆንም... “ማግኑስ፣ የጊዮርጊሱን ዙሪያ አንብበኸዋል?” አልሁት።

አነበበ። ፊቱ አመድ መሰለ። “እባክህ አትናገርብኝ” ብሎ ይለምነኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ እውነቱን ለመናገር፣ ልመናውን ፈልጌው ነበር። እሱ ግን ቀጥ ብሎ ወደ ሄር ዴግል ሄደ። “ተሳስቻለሁ። ያየው ሃቦ ነው።” በዚህም ቀደመኝ...

ሄር ዴግል ወደ እኔ ዞሩ። “መቼ አየኸው?”

መዋሸት እችል ነበር። “ትናንት።”

“እኔ የዚህን ትከሻ ስመታ?”

“ከዚያ በፊት፣ ጌታዬ።”

“ለሚሳሳት ዓይን ማጉያ መነጽር እገዛለታለሁ” አሉ። “ለአንተ አፍ ምን ልግዛለት?”

ከሰዓት ባርትል መጣ። ሲነገረው ጠገራውን ወደ ከረጢቱ መለሰ። “ጊዮርጊሴን የመታወቂያ ወረቀት ጠየቃችሁት እንግዲህ። እሱ እኮ የእናንተን አልጠየቀም።” ማንም አልሳቀም።

ሴፕቴምበር 19

ማግኑስ ይቀራል። እኔ እሄዳለሁ። ሄር ዴግል ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም... ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ማግኑስ “እለምንልሃለሁ” አለ፤ ለመነልኝም። ልመናው እንኳ ያምርበታል። ጠላሁት። ዳቦ ሲያካፍለኝ ግን በላሁ።

ለእናቴ ምን ብዬ ልጻፍ?

ሴፕቴምበር 28

ነገ በባቡር እሄዳለሁ። ሄር ዴግል ወገባቸውን አሟቸው ቤት ውለዋል፤ ሱቁ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። የቢራ ጠማቂው ሚስት አንድ የባቫሪያ ጠገራ አመጣች፤ ማርያም ልጇን ታቅፋ፣ ከእግሯ ሥር ጨረቃ። “እንዲህ ያለ ንጹሕ አይቼ አላውቅም” አለ ማግኑስ። ትልቁን ዋጋ ሊጠራ ሲል ከአክሊሏ በላይ ጠርዙ ላይ ጠባሳ አየሁ። ማንጠልጠያ ነበረው፤ ተነቅሎ ቦታው በብር ተደፍኗል። ግማሽ ዋጋ።

እሄዳለሁ እኮ። ቢከስር ምን ቸገረኝ? ቢከስር...

“ጠባሳ አለው” አልሁ። ድምፄ ካሰብሁት በላይ ጮኸ።

ሴትዮዋ ወደ ማግኑስ ዞራ “ይህን ፕሩሲያዊ ምን አገባው?” አለች። ለእነሱ የሰሜን ሰው ሁሉ ፕሩሲያዊ ነው።

“ቀድሞኝ አየ፣ እመቤቴ። በማጉያው ልይልዎት።” አየ፤ ዋጋውንም በግማሽ ዝቅ አደረገ። እየተነጫነጨች ተስማማች። ስትወጣ ያመሰገነችው ግን እሱን ነው፤ በትሕትና ስለ ነገራት።

በሩ እንደተዘጋ ሊያቅፈኝ መጣ። ሸሸሁ። ቅናቱ መች ለቀቀኝ? በዓይኑ፣ በእናቱ፣ ነገም እዚሁ ጠረጴዛ ላይ በመቆሙ... በሁሉም እቀናበታለሁ። ዛሬ እንዳይከስር የተናገርሁትም እየቀናሁበት ነው።