የድሪቶው ሆድ

ውድ ጋሼ፣

ፖስታው ላይ የእጅ ጽሑፌን ሲያዩ ምን እንደሚሉ አውቃለሁ። መነጽርዎን ግንባርዎ ላይ ሰቅለው «ደግሞ አሁን ምን ቀራት?» ይላሉ። እውነትዎን ነው። አፌ ያመጣልኝን ሁሉ ያን ቀን በር ላይ ጨርሼዋለሁ፤ የተረፈ ስድብ የለኝም። ይኼኛው ሌላ ነው። እባክዎ ሳይጨርሱት አይቅደዱት። ስለ ድሪቶው ነው የምጽፍልዎት።

ድሪቶ የሚለውን ስም ያወጣሁለት እኔ ነበርኩ፤ ሰፈሩ ሁሉ ከኔ ተቀብሎ ነው የጠራው። ምን ላድርግ፣ አምስት ድራም ቆሞ አንዱ ካንዱ አይገጥም! ትልቁ፣ በእግር የሚመታው፣ የውጭ በራችንን አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል። መካከለኛው የወጥ ቤታችንን የጠረጴዛ ላስቲክ ለብሷል፣ ቢጫ አበባው ሳይቀር። ትንሿ የአሮጌ ሻንጣ ቆዳ ተጠቅልሎባታል። የቀሩት ሁለቱ ደግሞ አንዱ ቡናማ አንዱ ሰማያዊ ሆነው እርቃናቸውን ቆመዋል። ጓደኞቼ ሲመጡ እንዳያዩብኝ የሳሎኑን በር እዘጋ ነበር። እርስዎ ግን እየሳቁ «ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር፤ ነይ እስኪ ያዢው» ብለው ዱላዎቹን ያቀብሉኛል። እኔ እጄን ወደ ኋላ እደብቃለሁ። ዱላዎቹ ሁልጊዜ አየር ላይ ይቀሩ ነበር።

ለምን እንደጠላሁዎት ሁለታችንም እናውቃለን፤ ግን አንድ ቀን እንኳ ቁጭ ብለን አውርተነው አናውቅም። አባቴ ሲሞት አምስት ዓመቴ ነበር። ከሱ የተረፈኝ ሦስት ከበሮ ያለው ቀዩ ድራሙ ነው፤ ሳሎኑ ጥግ አንሶላ ለብሶ የቆመው፣ አንሶላውን ገለጥ ሲያደርጉት የሚያብለጨልጨው። እርስዎ እማዬን አግብተው ቤታችን ከገቡ አንድ ወር እንኳ አልሞላም ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ጥጉ ባዶ ነው። አንሶላው ታጥፎ ወንበር ላይ ተቀምጧል። «የአባዬ ድራምስ?» አልኩ። እማዬ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እርስዎ እሷን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ፣ ከዚያ ጫማዎን አዩ። ጎረቤታችን ደግሞ «ሸጦት ይሆናል» አለች። እኔ «ይሆናል» የምትለዋን ጥዬ የቀረውን ያዝኩ። ይኸው ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ይዤው ኖርኩ። ሁለት ወር ቆይቶ እርስዎ ከእንጨት ሥራ ቤትዎ ድሪቶውን በጋሪ አስጭነው ሲመጡ፣ የአባቴን ሸጦ ለራሱ ቅራቅንቦ ሰበሰበ ብዬ ጥርሴን ነከስኩ።

አንድ ነገር ደግሞ ለማንም ነግሬ አላውቅም። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ እማዬ ሳሎኑ አጠገብ ባለችው ክፍል ታስተኛኝ ነበር፤ ፀሐይዋ በመጋረጃው አልፋ ግድግዳውን ቢጫ የምታደርግበት ሰዓት። እዚያ ሁልጊዜ አንድ ሕልም አያለሁ። ክብ የእንጨት ቤት ውስጥ ተቀምጫለሁ፤ ጥግ የሌለው ቤት። ጣሪያው ነጭ ነው፣ ብርሃን ያሳልፋል። በጎኔ አንዲት ትንሽ ክብ መስኮት አለች። በሷ በኩል አንድ ጣት ይገባና ይወዛወዛል፤ ጭብጥ አድርጌ እይዘዋለሁ። ከውጭ የወንድ ድምፅ «ማነው የዚህ ቤት ባለቤት?» ይላል። ከዚያ ጣሪያው ዱም ይላል፣ ሆዴም አብሮ ዱም ይላል፣ እኔ እስቃለሁ። ድምፁ የአባቴ እንደሆነ በሕልሜ አውቀዋለሁ። ስነቃ ጣቱ የለም። ዱም ዱም የሚለው ግን ከሳሎን ይቀጥላል፤ እርስዎ ነዎት። ከሕልሜ ጎትተው የሚያወጡኝ ይመስለኝ ነበር፤ ለዚህም ጠላሁዎት።

ያን ቀን የእማዬን ልብሶች ስናጣጥፍ ምን እንደነካኝ አላውቅም። ካረፈች ሦስት ሳምንቷ ነበር። ሰማያዊ ሹራቧን አንስተው እጅጌውን ቀስ ብለው ሲያጥፉ አየሁና፣ «የአባቴን ድራም ሸጦ የበላ ሰው የእናቴን ልብስ አያጥፍም!» አልኩ። ምላሴን ይቁረጠው። ሹራቡን አልጋው ላይ አስቀመጡት፣ አንዱ እጅጌ ሳይታጠፍ። ኮፍያዎን አደረጉ። እህትዎ ጋ መሄድዎ እንደሆነ ገባኝ፤ ግን ዝም አላልኩም፣ እስከ በሩ ተከትዬ «ድሪቶዎንስ ለማን ጥለውት ነው?» አልኩ። «እሱ የኔ ብቻ አይደለም» ብለው ወጡ። ኩርፊያ መስሎኝ ነበር።

እርስዎ ሲሄዱ ቤቱ ዝም አለ። መጋረጃ እየሰፋሁ ቀና ስል ዓይኔ ድሪቶው ላይ ያርፋል። ላስወግደው ቆረጥኩና አሮጌ የሙዚቃ መሣሪያ የሚሰበስብ ሰውዬ አስጠራሁ። ሰውዬው ሦስት ጊዜ ዞረው። «እያንዳንዱ ከየት እንደመጣ ካላወቅሁ አልወስደውም» አለና ወደ አንድ ድራም ጠጋኝ መራኝ፤ አስጭኜ ወሰድኩለት። ጠጋኙን ሐኪሙ ነው የሚሉት። ለምን እንደሚሉት ስገባ ገባኝ፤ ድራም ላይ ጆሮውን ለጥፎ፣ በጣቱ አጥንት ኳ ኳ አድርጎ፣ «እስኪ ተንፍስ» ይላል። ክፍሉ ጠባብና ረጅም ነው፣ ሙጫና የተላገ እንጨት ይሸታል። ከጣሪያው መስታወት የሚወርደው ብርሃን ላይ የእንጨት ብናኝ ቀስ እያለ ይንሳፈፋል። እዚያ ቁጭ ስል እንቅልፍ እንቅልፍ አለኝ።

«ማነው ያለበሳቸው?» አለኝ።

«እንጀራ አባቴ።»

«እጁ ይባረክ።»

«ምኑ ይባረካል? የጠረጴዛ ላስቲክ እኮ ነው!»

«ልጄ፣ ላስቲኩን ተዪው፣ ሙጫውን እዪ። ጫፍ ጫፉን ብቻ ነው የነካው። ለዘላለም የሚለጥፍ ሰው መሀሉንም ይቀባል። ይኼ ሰው አንድ ቀን እንዲላቀቅ አድርጎ ነው የለጠፈው።» ይህን ብሎ በቀጭን ቢላዋ የላስቲኩን ጫፍ ቀስ ብሎ አነሳ።

ቀይ ነው ጋሼ። ቢጫ አበባው ስር ቀዩ ያብለጨልጫል፣ ትናንት የተሠራ ይመስል። የሻንጣውን ቆዳ አነሳ፤ ቀይ። አረንጓዴው ቀለም ደግሞ ድራሙ ላይ አልተቀባም፤ ሸራ ላይ ቀብተው ነው የጠቀለሉት። እሱም ስር ቀይ። አንድ ሣጥን ላይ ዘጭ አልኩ። ሐኪሙ ግን ሥራው ላይ ነው፤ በመብራት ሆዳቸውን እያየ ቁጥር ያነባል። «እነዚህ ሦስቱ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፣ ቁጥራቸው ተከታታይ ነው። ቡናማው የትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ በትከሻ ይነገት የነበረ ነው፤ የማንገቻው ቀዳዳ ይኸውና። ሰማያዊው አባቱ አይታወቅም።» በራሱ ቀልድ ሳቀ።

ቀጥሎ የትልቁን ቆዳ ፈታ። መብራቱን ወደ ውስጥ አስገባ። ቆይቶ፣ «ነይ ተመልከቺ» አለኝ። ጎንበስ ብዬ አንገቴን አስገባሁ። ክብ ነው፣ የእንጨት ነው፣ ጥግ የለውም። በጎኑ አንዲት ትንሽ ክብ ቀዳዳ አለች፣ ድራሙ የሚተነፍስባት። ከሷ ዝቅ ብሎ፣ የተቀመጠ ሕፃን እጁ በሚደርስበት ልክ፣ የሰማያዊ ከለር ጭረት ዙሪያውን ይዞራል፤ ክብ፣ ዚግዛግ፣ እግር ያለው ፀሐይ። ውስጡ በሙሉ አዲስ ቫርኒሽ ተቀብቷል፤ ጭረቱ ያለበት ግን አልተነካም፣ ብሩሹ ተጠንቅቆ ዙሪያውን አልፎታል። አጠገቡ በእርሳስ ተጽፏል፦ «የልጅቷ ነው። እንዳይጠፋ።»

የትምህርት ቤት ውጤቴ ላይ ሁልጊዜ የሚፈርመውን እጅ እንዴት አላውቀው? ጭንቅላቴን ድራም ውስጥ እንደከተትኩ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ሐኪሙ ከውጭ «ልጄ፣ እንጨቱ እርጥበት አይወድም» አለኝ፣ መሐረብ እያቀበለ።

ሕልም አልነበረም ማለት ነው። አባቴ ድራሙን አጋድሞ እዚያ ውስጥ ያስቀምጠኝ ነበር፤ ቆዳውን እላዬ ላይ ጣል አድርጎ፣ በቀዳዳዋ ጣቱን አስገብቶ ያጫውተኝ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የሚቀሰቅሰኝ ያው ድራም ነበር። ከሕልሜ እያወጡኝ አልነበረም። ድምፁን የሚሰጡት እርስዎ ነበሩ።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ድራሙ ከመጥፋቱ በፊት በነበረው ቀን እማዬ ሳሎን ቆማ ስትጮህ ሰምቻለሁ። «ሁለተኛ ዓይኔ እንዳያየው! እሱን እያየሁ መኖር አልችልም!» ነበር ያለችው። ቃል ገቡላትና ልብስ አልብሰው፣ ሁለት ባዳ ጨምረው ከዓይኗ ሰወሩት። እኔ ስጠይቅዎ ዝም ያሉትም ለሷ ብለው ነው፤ ሆድ ይፍጀው አሉ፣ ፈጀውም። እሷ አውቃ ይሆን ብዬ ሳወጣ ሳወርድ ከረምኩ። እርስዎ ሲመቱ የስፌት መኪናዋን አቁማ፣ እጇን ጨርቁ ላይ ጋደም አድርጋ ትቀመጥ ነበር። ደክሟት ይመስለኝ ነበር። አሁን አይመስለኝም።

ሐኪሙ «ምን ላድርገው? ልብሱን ገፍፌ ቀዩን ላውጣው ወይስ ልመልሰው?» አለኝ። ከሳምንት በፊት ቢጠይቀኝ ሳይጨርስ «አውጣው» እለው ነበር። ነገር ግን ያ ላስቲክ የበላንበት ጠረጴዛ ላስቲክ ነው፤ አረንጓዴው እርስዎ ከሥራ ሲመለሱ የሚያንኳኩት በር ነው። «ያለበሳቸው እንዳለበሳቸው ይሁኑ» አልኩት። ሰብሳቢው ሰውዬ «ታዲያ ከየት እንደመጡ ታወቀ?» ሲለኝ፣ «አዎ፣ ከቤቴ ናቸው» ብዬ አሰናበትኩት። ከሰው የቆጠረኝ አይመስለኝም።

ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጋሼ። ሌባ አልኩዎት። ያሳደጉኝን ሰው ከእናቴ ልብስ ላይ አባረርኩ። ያልኩትን መልሼ መዋጥ ብችል እስከ አጥንቱ እውጠው ነበር። ሹራቧ እስካሁን አልጋው ላይ ነው፤ ያልታጠፈችውን እጅጌ አልነካኋትም፣ የእርስዎ ናት።

ድሪቶው መስኮቱ ስር ቦታው ላይ ቆሟል። ትናንት ተቀምጬ ሞከርኩት። ወይ ጉድ! እጄና እግሬ ተዋውቀው አያውቁም፤ የጎረቤት ድመት ከአጥር ዘላ ነው የጠፋችው። ሲይዙት ያደናግር ያሉኝ ገባኝ። እጄን ግን ከእንግዲህ ወደ ኋላ አልደብቅም፤ ዱላዎቹን ካቀበሉኝ እቀበላለሁ።

ቅዳሜ ይምጡ። የፊታችን ካልሆነልዎት የሚቀጥለው፣ እሱም ካልሆነ ከዚያ ወዲያ ያለው። ቅዳሜ ሁሉ ከምሳ በኋላ ያችው ክፍል ጋደም እላለሁ፤ በሩን አልቆልፈውም። ዱላዎቹ ወንበሩ ላይ ናቸው። ተኝቼ ካገኙኝ አይቀስቅሱኝ፤ ዝም ብለው ይጀምሩ።

ልጅቷ