ሳልጠይቅ ያልኩት አፉ

ሰኞ፣ ኤፕሪል 14
ዛሬ ኤርፖርት ዘጠኝ ዊልቸር ገፋሁ። ጉልበቴ አልቋል። ቤት ስገባ መንሱር ሻይ አፍልቶ ጠበቀኝ። በሃያ ሁለት ዓመት ትዳር ይሄ ሦስተኛው ነው... ሁለቱ መኪና ያጋጨ ቀን ነበሩ።
«ዘንድሮ ሐጅ ልሄድ ነው» አለ።
«እኔስ?»
«አንቺ በሚቀጥለው፣ ኢንሻአላህ።»
ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ለጁምዓ እንኳ ጎትጉቼ ከታክሲው የማወርደው ሰው... ምን ነካው?

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 16
ልጃችን ሂዳያ ለኮሌጅ ፔፐር ትጽፋለች። የዛሬ ሺህ ምናምን ዓመት የዌልስ ነገሥታት ዙፋናቸውን ትተው ሮም ድረስ ለመሳለም ለምን ይሄዱ ነበር የሚል። የነሱ ሐጅ መሆኑ ነው። ኪንገን የሚባለው በስተርጅና ሄደ፣ እዚያው ሞተ። ሂወል የሚባለው ግን ሄዶ ተመለሰ፣ ብዙ ዓመትም ገዛ።
«ለምን እንደሄዱ ኖባዲ ኖውስ፣ ማሚ።»
እኔ አውቃለሁ። አንዱ ሞቱ ታውቆታል፣ አንዱ ስም ፈልጓል። የኔውስ? ሐኪም የነገረው ነገር አለ? ወይስ «ሐጂ መንሱር» መባል አምሮት ነው? ጃኬቱን ፈተሽኩ። የክትባት ወረቀት ብቻ።

እሑድ፣ ኤፕሪል 27
መንሱር ደውዬለት ኤርፖርት ተሳፋሪ እየጠበቅኩ ነኝ አለኝ። ሂዳያ ስልካችን ላይ የጫነችው ማፕ ግን ከከተማው ወዲያ ጫፍ፣ እንግልውድ ነው ይላል። ሁለት ሰዓት ሙሉ! ሴት ናት አልኩ።
ሲመጣ ያዝኩት። ዳኛቸው ጋ ነበር። ድሮ አብረው ታክሲ ሲነዱ ተጣልተው ስምንት ዓመት ተኮራርፈዋል። ሐጅ ከመሄዱ በፊት ይቅርታ ሊጠይቀው ነው የሄደው። ወጉ ነው፣ የበደሉትን ሁሉ አፉ አስብሎ መሄድ። ታዲያ ምን ያስዋሸዋል?
ቆይቶ ኩሽና መጣ። «ሀጂራ፣ አንቺም አፉ በይኝ።»
ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። «አፉ ብያለሁ» አልኩ፣ ቀና ብዬም አላየሁት። አልሄደም። ቆሞ ቀረ... ምን ነበር የጠበቀው?

ሐሙስ፣ ሜይ 8
የሂዳያ ሦስተኛ ሰውዬ ጉድነርት ይባላል። የቆየ የቤተ ክርስቲያን መዝገብ እንደሚለው፣ በሥልጣን ተጣልቶ ወንድሙን ገደለ። ጳጳሱ አወገዘው፤ ኋላ ባሕር ተሻግረህ አንድ ዓመት ቆይ አለው። የተላከበት አገር ሰዎች ቋንቋቸው ከሱ ጋር አንድ ነበር። አንዱ ምክንያት እሱ ነው ይላል። ይቅርታ በሰው ቋንቋ አይጠየቅም መሰለኝ። ዓመቱ ሳይሞላ ቢመለስ ጳጳሱ አልፈታህም አለው። ወንድ ጳጳስ!
እራት ላይ መንሱርን ሳየው ቆየሁ። ይሄስ ማንን በድሎ ነው?

ቅዳሜ፣ ሜይ 17
ሃቫና መንገድ ላይ ባሉት የሐበሻ ሱቆች ሱቅ ለሱቅ ዞርን። «አፉ በሉኝ» ይላል፣ «አፉ ብለናል፣ ዱዓ አድርግልን» ይላሉ። ሒሳብ እየተቀበሉ፣ ስልክ እያወሩ። ምን አድርገኸን ነው ያለ አንድ ሰው የለም።
መኪና ውስጥ ሂዳያንም አፉ በይኝ አላት።
«ፎር ዋት፣ ባባ?»
ሞተሩን አስነሳ።
«ላይክ፣ ምን አደረግከኝ?»
«መንጃ ፈቃድ ፈተና የወደቅሽ ቀን... ሰው ፊት ጮኼብሻለሁ።»
«ኦህ። ያ በጣም ሀርት አድርጎኝ ነበር።» ስልኳን አስቀመጠች። «ኦኬ። አፉ።»
ልጄ እዚህ ተወልዳ ወጉን ስለማታውቅ ጠየቀች። እኔ ወጉን የማውቀው ሳልጠይቅ አፉ አልኩ።

እሑድ፣ ሜይ 18
ጠየቅኩት። «እኔ አፉ ያልኩህ ምኑን ነው?»
ጫማውን አየ። ከዚያ ነገረኝ።
አባዬ የሞተ ጊዜ ሂዳያን የሰባት ወር እርጉዝ ነበርኩ። መርዶውን አንድ ወር ደብቀውኛል፣ ይሄን አውቃለሁ፤ ሁሉም ቤት የሚደረግ ነው። የማላውቀው፣ አባዬ ታሞ ሳለ፣ ከመሞቱ በፊት፣ ሦስት ቀን ተከታትሎ ከኮልፌ ደውሎልኛል። በሦስቱም ቀን ያነሳው መንሱር ነው። ሥራ ላይ ናት ብሎታል። እኔ እኮ ያን ሳምንት ቤት ነበርኩ! መኝታ ቤት ተኝቼ!
«ለእርግዝናዬ ብለህ ነው?» አልኩት። አዎ ቢለኝ አምነው ነበር። ማንም ያምነዋል።
«አይደለም። የመኖሪያ ወረቀትሽ ገና አላለቀም ነበር። መታመሙን ከሰማሽ ትሄጃለሽ፣ ከሄድሽ አትመለሺም ብዬ ፈራሁ። ለራሴ ነው።»
አለቀስኩ። እሱም አለቀሰ። የሱ ማልቀስ አናደደኝ።

ሐሙስ፣ ሜይ 29
ኤርፖርት ሸኘሁት። ኢህራሙን፣ ያን ነጭ የሐጅ ልብስ፣ ቦርሳው ውስጥ እኔው አጠፍኩለት። ሴኩሪቲው ጋ ስንደርስ «አፉ ሳትይኝ እንዴት ልሂድ?» አለ።
«ሂድ» አልኩ። «የመጀመሪያውን አፉ ግን መልሼ ወስጃለሁ።»
ራሱን ነቀነቀ፣ ሰልፉ ውስጥ ገባ።

ሰኞ፣ ጁን 2
ከመካ ደወለ። ማፑን ካየሁት ሁለት ሳምንት ሆነኝ፣ የት ነህም አላልኩት። የምጠረጥረው የለኝም አሁን።
«አባዬ ምን አለህ?» አልኩት። «ከመጀመሪያው ቀን ጀምር።»
ጀመረ። «አሰላሙ አለይኩም ልጄ፣ ሀጂራዬ አለች ወይ» ብሎታል አባዬ። ድምፁ ደህና ነበር፣ ያስለው ነበር እንጂ። ምን በልታ ዋለች ብሎ ጠይቆታል። እዚህ ላይ መንሱር አቃተው።
«ነገ ሁለተኛውን ቀን ትነግረኛለህ» አልኩት። «ከነገ ወዲያ ሦስተኛውን። አፉ በይኝ ላልከው ሁሉንም ሰምቼ ነው የምመልስልህ።»