አዲስ አበባ፣ ጎንደርና በሬያችን ቦራ

ሰኞ፣ መስከረም 23 ቀን 1959 ዓ.ም.

ሁለቱም ተቀበሉኝ! አንዱ እምቢ ቢለኝ ምን ነበረበት? ተገላግዬ ነበር።

የአዲስ አበባው ኮሌጅ፦ የሒሳብ አያያዝ፣ ሦስት ዓመት። ስሙ ሲጠራ እዚህ ወረታ ላይ ሰው ዞር ብሎ ያያል። ክፍያው ግን ከነማደሪያው ከኛው ኪስ ነው።

የጎንደሩ የማታ ትምህርት፦ ያው የሒሳብ አያያዝ፣ አራት ዓመት። ቀን ጸሐፊነት እሠራለሁ፣ አክስቴ ቤት አድራለሁ። ስሙን የሰማ የለም።

ለአባየ ነገርኩት። ወጥቶ በሬዎቹን አሰረ። በጣም አበሸቀኝ። "አይዞሽ" ማለት ምን ይጎዳዋል?

ማክሰኞ 24

እናቴ ሽንኩርት እየላጠች አወጣችው። "አባትሽ ለኮሌጁ ክፍያ ቦራን ሊሸጠው ነው። ቅዳሜ ገበያ ያወጣዋል።"

ክው አልኩ። ያሉን በሬዎች ሁለት ናቸው፤ ቦራና ጉራች። ከመስኩ ላይ የክረምቱ ውሃ እየሸሸ ነው፤ ሽምብራው ሊዘራ ነው። በአንድ በሬ ማን ያርሳል?

እውነቱን ልጻፍ፤ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። አዲስ አበባ የምለብሰውን ቀሚስ ሁሉ አሰብኩ። ያፈርኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ረቡዕ 25

አባየ ለካ መቀናጆ ሲፈልግ ነው የሰነበተው። አንድ በሬ ካለው ሌላ ሰው ጋር ሊቀናጅና ሁለቱን ጠምደው በየተራ ሊያርሱ። ሰው ሁሉ ጥንዱን ይዟል። የቀረው አያ ዓለሙ ብቻ ነው፤ ማረሻችንን የሚሠራልን ቀጥቃጭ። ማረሻውን ሁሉም ይወስዳል፤ በሬውን ከበሬው ጋር የሚጠምድለት ግን የለም። ዓይኑን ይፈሩታል።

አባየ ሄዶ ጠየቀው። አያ ዓለሙ "ትቀልዳለህ?" ብሎ፣ ከዚያ እጁን ይዞ አልለቅ አለው አሉ።

እናቴ "ሰው ምን ይላል!" አለች።

"የፈለገውን ይበል። ልጄ ትማራለች።"

ሐሙስ 26

ሰውም አለ። ውሃ ልቀዳ ስወርድ አንዷ ጎረቤታችን "አባትሽ ከቡዳ ጋር ተቀናጀ?" አለችኝ። "ተቀናጀ፤ ምን አገባሽ!" ብያት መጣሁ። በንዴት ስጣደፍ ግማሹን ውሃ አፈሰስኩት።

ቀኑን ሙሉ ሳስብ ዋልኩ። ትምህርቱ ያው ሒሳብ ነው። እኔን የያዘኝ ስሙ ነው እንዴ? ደግሞ አዲስ አበባን ማየት እፈልጋለሁ፤ ለምን እዋሻለሁ?

ዓርብ 27

ቆረጥኩ። አባየን "ጎንደር እሄዳለሁ። ቦራ ይቅር" አልኩት። ደስ ይለዋል ብዬ! ተቆጣ።

"ለእኔ አዝነሽ ከሆነ ተይው።"

"ለራሴ ነው። ማታ የተማርኩትን ቀን እሠራበታለሁ" አልኩ። ግማሹ እውነት ነው።

ከዚያ "አያ ዓለሙንስ ምን ልበለው?" አለኝ።

ይሄን አላሰብኩትም። ቦራ ከቀረ ጥንድ አለን፤ መቀናጆ ምን ያደርግልናል? ሰው "ፈርቶት ተመለሰ" ማለቱ ነው። የአያ ዓለሙም መሬት ዘንድሮ እንደገና ጦሙን ሊያድር ነው። ሰውየው እኮ ከትናንት ጀምሮ ሞፈሩን ሲጠግን ነው የዋለው። ለአባየ ያዘንኩ መስሎኝ በሌላ ሰው ላይ ፈረድኩ።

ቅዳሜ 28

ቦራ ገበያ አልወጣም። ለጎንደር "እሺ" ብዬ ጻፍኩ፤ ለአዲስ አበባ "ይቅርታ"። ሁለቱን ፖስታ ቤት አስገብቼ በሩ ላይ አለቀስኩ። እንዲህ አለቅሳለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር።

አያ ዓለሙን ምን እንዳለው አባየን መጠየቅ ፈራሁ።

ሰኞ 30

መኪናው ከሰዓት ነው። ጠዋት ልሰናበት መስክ ወረድኩ። አባየ እርፉን ይዞ ያርሳል። ጉራች ከአንድ ቀይ በሬ ጋር ተጠምዷል። የአያ ዓለሙ በሬ! ራሱ አያ ዓለሙም ከኋላ ጓሉን ይከሰክሳል። በመንገዱ የሚያልፈው ሁሉ ቆሞ ያያል።

"ቦራስ?" አልኩ።

"ዳር ላይ ይግጣል። ነገ ተራው ነው።" አባየ ቀና ሳይል ነው የመለሰልኝ። "ቃል ሰጥቼ የለ? ሰው በሁለት በሬ ያርሳል፤ እኛ በሦስት እናርሳለን።"

አያ ዓለሙ ሳቀ። "አንቺ ብቻ ሒሳቡን ቶሎ ተማሪ፤ የሦስት በሬ ተራ ማን ያወጣልናል!"

ልክ አደረግኩ? እንጃ። አዲስ አበባ ገና ብዙ ጊዜ ትመጣብኛለች። የመኪናው ጡሩምባ ይሰማኛል፤ እናቴም "ተነሽ" እያለች ነው። ቦራን ግን ከመስክ ሳልመለስ ሄጄ ግንባሩን አሸሁት፤ ሣሩን መጋጡን እንኳ አላቋረጠም።