ድንቢጥ ያረመችኝ ሰሞን

ጥቅምት 3
ዛሬ መንጋጋ ጥርሴ ተነቀለ። ሐኪሙ፣ «ካመመዎት እጅዎን ያንሱ» አለኝ። አላነሳሁም። በተማሪነቴ ጠጠር ላይ ተንበርክኬ ትምህርቴን በቃሌ ስወጣ አላለቀስሁም። ያለጥፋቴ ከደረጃዬ ዝቅ ስደረግ አላማረርሁም። ባለቤቴን ቀብሬ ብዙም ሳልቆይ ቢሮ ገብቻለሁ። ታዲያ ለአንድ ጥርስ እጅ ላነሳ?

አመሻሹ ላይ ልጄ ደወለች። «አባዬ፣ ነገ ና።» ሌላ ቃል የለም። ምን ሆና ይሆን?

ጥቅምት 4
ልጄና ባሏ ነገሩኝ። የልጅ ልጄን፣ ድንቢጥ የምንላትን የሰባት ዓመት ልጅ፣ የቤት አስጠኚዋ ሊነካ የማይገባውን ገላዋን ነክቷል። ስትታጠብ ለእናቷ ነግራታለች። ለፖሊስ አመልክተዋል፤ ሰኞ አንዲት መርማሪ ልጅቱን ለብቻዋ ታነጋግራታለች።

አማቼ ዓይኑ ደም መስሏል። «አባባ፣ እርስዎ አነጋገር ያውቃሉ። ያዘጋጁልን።»

አዘጋጃታለሁ። ይህንንስ ለማን እተወዋለሁ?

ጥቅምት 6
ልጄ ድንቢጥን ቤቴ አመጣችልኝ። ከመስኮቱ ዳር ወንበሬ ፊት አቆምኋት፤ ከእኔ በቀር ማንም ከማይቀመጥበት። ወገብ ቀጥ፣ እጅ ወደ ኋላ። «ሲጠይቁሽ ሳትደናቀፊ በተርታ ትመልሻለሽ። አላውቅም ማለት የለም። አሁን እናጠናለን።»

ቀና ብላ አየችኝ። «አባባ፣ ከተሳሳትኩ ትገርፈኛለህ?»

እኔ? አንድም ቀን እጄን ያላሳረፍሁባት...

ልጄ ከበሩ ሰምታ ኖሯል። «አባዬ፣ በቃ» ብላ ይዛት ወጣች።

ጥቅምት 7
ከልጄና ከአማቼ ጋር አንዲት የሕፃናት አማካሪ ዘንድ ሄድን። በዕድሜ ልጄን ታክላለች። የትናንቱን ራሴው ነገርኋት። አልተቆጣችም።

«አባት፣ ልጅቱ ያጠናችውን ከተናገረች፣ ቃሉ የእሷ ሳይሆን የቤተሰቧ ነው ይባላል። ያ ሰውዬ የሚያመልጠው በዚያ ቀዳዳ ነው።»

ቀዳዳውን ልከፍትለት ነበር።

«ታዲያ ምን እናድርግ?» አላት አማቼ።

«ስለ ነገሩ አትጠይቋት። ራሷ ካነሳችው አዳምጧት። የት እንደምትሄድ፣ ማን እንደሚያነጋግራት፣ እናንተም ደጅ እንደምትጠብቋት ንገሯት። እውነቱን ብቻ ትናገር። አላውቅም፣ ረሳሁት፣ አልገባኝም ማለት ትችላለች። ትልቅ ሰው ከተሳሳተም ታርመው።»

ልጅ ትልቅ ሰው ታርም? በእኛ ጊዜ ቢሆን... ዋጥሁት።

«ማን ያለማምዳት?» አለች ልጄ።

አማካሪዋ ወደ እኔ ዞረች። «እሳቸውን ማረም ከቻለች ማንንም ታርማለች።»

አማቼ ሳቁን በሳል ሸፈነው። ከሳቀ ሰንብቷልና ይቅር አልሁት።

ጥቅምት 8
ድንቢጥን ወንበሬ ላይ አስቀመጥኋት። እኔ ቆምሁ። እግሯ መሬት አይደርስም።

«የጎረቤታችን ውሻ ትናንት በሕልሙ ምን አየ?»

ፊቴን አጠናችው። «...አላውቅም።»

«ጎሽ። ዘጠኝ ዓመትሽ ነው፤ አይደል?»

«ሰባት» አለች በሹክሹክታ።

«እኔ ደግሞ ዛሬ ጠጉሬን አበጥሬ ነው የመጣሁት።»

«አባባ፣ አንተ እኮ መላጣ ነህ።»

እናቷ ከጓዳ ስትስቅ ሰማኋት። መላጣ መባል እንዲህ ደስ ይላል እንዴ?

«አልተቆጣህም?»

«አልተቆጣሁም።»

ከዚያ ማን ያስቁማት። ክራቫቴ እንኳ ተጣሟል ተባልሁ።

ጥቅምት 10፣ ሰኞ
ከመርማሪዋ ክፍል ደጅ ጠበቅን። አማቼ ኮሪደሩን ሲመላለስበት ልጄ፣ «ኧረ ተቀመጥ፣ ወለሉን ጨረስከው» አለችው። እኔ በሩን አያለሁ። ብትፈራስ? እኔን ለማስደሰት የማታውቀውን ብትጨምርስ?

በሩ ተከፈተ።

«አባባ፣ ሴትየዋ ተሳሳተች። ሳሎን ነበራችሁ አለችኝ። ሳሎን አልነበርንም አልኳት። አመሰግናለሁ አለችኝ።» ወዲያው ደግሞ፣ «ራበኝ።»

መርማሪዋ ወጥታ፣ ድንቢጥ በራሷ አንደበት እንደተናገረች፣ ያላወቀችውንም አላውቅም እንዳለች ነገረችን። ልጄ ትከሻዬ ላይ አለቀሰች። እኔም መነጽሬን ለመወልወል ወደ ግድግዳው ዞርሁ።

ኅዳር 2
ሰውዬው ተይዞ ተከሷል። ድንቢጥም መብራት ጠፍቶ መተኛት ጀምራለች። ተመስገን።

ዛሬ ሌላው መንጋጋዬ ተራው ነበር። ሐኪሙ ያንኑ አለኝ። ሲያመኝ እጄን አነሳሁ። ቆመልኝ፤ ማደንዘዣም ጨመረልኝ። ይኸው ብቻ ነበር?

እንግዲህ ኑዛዜዬን እዚህ ላስፍር። ቻይነቴን ለማንም አላወርስም፤ ከእኔው ጋር ይቅር። የእጅ ሰዓቴ ለአማቼ። የእናቷ ጌጣጌጥ ለልጄ። የመስኮቱ ዳር ወንበር ለድንቢጥ። እግሯ መሬት እስኪደርስም አልጠብቅም፤ ከዛሬ ጀምሮ የእሷ ነው።