ስምንቱን ለማን እንደጻፍኳቸው

አምቦ፣ መጋቢት 2018 ዓ.ም.

እትዬ፣ እንደምን ከረምሽልኝ? ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? ባለቤትሽ ኦቦ ሮባስ፣ ያ ሳል ለቀቃቸው? የጊንጪ ብርድ ለእሳቸው አይሆንም፤ እባክሽ ማታ ማታ አታስወጫቸው። እኔ ከዓይኔ በቀር ደህና ነኝ። እውነቱን ንገሪኝ ካልሽኝ ግን ሁለመናዬ ዝሏል።

ባለፈው ወር ጎጆ ከተማ ሄጄ ነበር። አንድ ትምህርት ቤት መጥተሽ ለልጆቹ አንብቢልን ብሎ ጠራኝ። መንገዱ ሲያንገጫግጨኝ ዋለ። ርእሰ መምህሩ በደስታ ተቀብለው ስምንቱንም የልጆች መጻሕፍቴን አሳዩኝ፤ መስታወት ባለው ቁም ሣጥን ተደርድረው፣ ተቆልፎባቸው። ልጆቹ እንዳያቆሽሿቸው ነው አሉኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከማስተማር እየተመለስኩ የጻፍኩት፣ አንድም ጣት ሳይነካው ተቀምጧል። አሳታሚውም ተረቱን ተይና የፈተና ጥያቄና መልስ አዘጋጂ ሲለኝ ኖሮ፣ አሁን ደግሞ ዘጠነኛውን አምጪ ይለኛል። አልችልም አልኩት። ለምን ሲለኝ፣ የምጽፍላት ልጅ አደገች አልኩት። ቀልድ መሰለው።

ደብዳቤ የምጽፍልሽ ግን ለዚህ አይደለም። ልጅሽን ዶርቃስን ሩቅ አገር ይመድቧታል ብለን ስንፈራ እዚሁ አምቦ ዩኒቨርሲቲ ደርሷት የለ? እሑድ እሑድ ከዶርም እየመጣች አብረን ምሳ እንበላለን። ያለፈው እሑድ ስምንቱንም መጻሕፍት አውርዳ ምንጣፉ ላይ ደረደረቻቸው። አክስቴ፣ የመጀመሪያው መጽሐፍ ላይ ያለችው ልጅ የወተት ጥርሷ ይወልቃል፤ መጽሐፉ ሲታተም የእኔም እየወለቀ ነበር አለችኝ። ይቺኛዋ ደግሞ በአሥራ አምስት ዓመቷ እናቷን አኩርፋ ካቺሲ ዘመድ ቤት ትገባለች፤ እኔም ያን ዓመት እንደዚሁ አድርጌ ነበር አለች። ያንን ያወቅኩት አንቺ በስልክ ስላጫወትሽኝ መሆኑን ነገርኳት። እሺ፣ ግን በስምንቱም ውስጥ የምታሳድጋት ሴት የወለደቻት አይደለችም፤ ለምን? አለችኝ።

ልብ ወለድ ነው አልኳት። ሌላ ምን ልበላት?

ያኔ እስክሪብቶ አቀበለችኝ። ሌሎች ደራሲዎች መታሰቢያነቱ ለእገሌ ይላሉ፣ አንቺ የትም ቦታ አላልሽም፤ በይ ለእኔ ብለሽ ፈርሚልኝ አለች። ሰባቱን «ለዶርቃስ፣ ከአክስትሽ» እያልኩ በደህና ፈረምኩ። ስምንተኛው ላይ እጄ ከዳኝ። «ከእና» ብዬ ጀምሬ ኖሯል። ቶሎ ሰርዤ አረምኩት፤ ከመቸኮሌ የተነሣ ወረቀቱ ተቀደደ።

ስርዙን ብዙ አየችው። መጽሐፉን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ ሳህኖቹን አጠበች፤ ለፋሲካ ጊንጪ እገባለሁ፣ እማዬን የምጠይቃት ነገር አለኝ ብላ ተነሣች። በር ላይ ስትሰናበተኝ አንገቴን አቅፋ ቆየች። እስከ ዛሬ ጉንጬን ስማ ነበር የምትሮጠው።

እትዬ፣ አባታችን ፊት የማልኩልሽን በአፌ አላፈረስኩም። ያሳደግሻት አንቺ ነሽ፣ እማዬ የምትለውም አንቺን ነው፤ ያንን አልነጥቅሽም። ስትጠይቅሽ ግን አትዋሻት። ፈቃድሽ ከሆነ ለበዓሉ እኔም ልምጣና አጠገብሽ ልቀመጥ፤ አትምጪ ካልሽኝም እቀራለሁ፣ አልቀየምሽም።

እግዚአብሔር ለወገብሽ ብርታት፣ ለኦቦ ሮባ ጤና ይስጥልኝ። ከቤታችሁ ሰላም አይጥፋ።

ታናሽሽ